በሊትር አንድ ግራም ተኩል ድንጋይ

ፒልዘን ከምትባለው የቼክ ከተማ በተቀዳ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ስንት የካልሲየም አዮን ይገኛል? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የፒልዘን ውሃ በሊትር 7 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም አለው፤ ጠብታዋ ደግሞ የሊትር ሃያ ሺህኛ ናት። ተባዝቶ ተካፍሎ የሚወጣው ቁጥር 5 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ነው፤ አምስት ተጽፎ ከኋላው አሥራ አምስት ዜሮ ይከተላል። በምድር ላይ ላለው 8 ቢሊዮን ሕዝብ እኩል ቢታደል ለእያንዳንዱ ሰው ከ6 መቶ ሺህ በላይ ይደርሰዋል። ያውም ከአንዲት ጠብታ!

በቢራ ጠማቂዎች ዘንድ ግን ይህ ውሃ የሚታወቀው በባዶነቱ ነው። በጠመቃቸው ስም ካወጡት የአውሮፓ ከተሞች መካከል የፒልዘንን ያህል ማዕድን ያነሰው ውሃ ማግኘት ያስቸግራል። እንግሊዝ ውስጥ በርተን አፖን ትሬንት በምትባል ከተማ ካለ ጉድጓድ ሌላ ጠብታ ብንቀዳ የካልሲየሙ ብዛት 42 እጥፍ ይሆናል። ሁለቱ ውሃዎች በብርጭቆ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። የአውሮፓን ቢራ ወርቃማና ጥቁር ብሎ የከፈለው ግን እንዲህ ያለው የማይታይ ልዩነት ነው። ቁጥሮቹን እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው ደግሞ ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል፤ 42 እጥፍ የሚራራቁት ሁለቱ ከተሞች በአንድ ሌላ ልኬት ሲመዘኑ መንትያ ሆነው ይገኛሉ።

ዝናብ ድንጋይ ሲበላ

ንጹሕ ውሃ ብቻውን የኖራ ድንጋይን እምብዛም አያሟሟም፤ በሊትር 13 ወይም 14 ሚሊ ግራም ላይ ይቆማል። ዝናብ ግን ንጹሕ ውሃ ሆኖ አይቆይም። ሲወርድ ከአየር፣ መሬት ሲገባም ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ለዘብ ያለ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ የማይሟሟውን ድንጋይ ባይካርቦኔት ወደሚባል የሚሟሟ መልክ ይለውጠዋል። ስለዚህም የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የመጣ የምንጭ ውሃ በሊትር 200 ወይም 300 ሚሊ ግራም ድንጋይ ተሸክሞ ቢወጣ አይገርምም። ባሌ ውስጥ የዌብ ወንዝ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የሶፍ ዑመር ዋሻ የቦረቦረው በዚሁ ኬሚስትሪ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሻይ ማፍያ ውስጡን የሚለብሰው ነጭ ቅርፊትም ከዚያው የመጣ ነው፤ ውሃው ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጥና ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ካልሲየምና ሰልፌት የያዘው፣ ጂፕሰም የተባለው ድንጋይ ግን ለየት ይላል። ጂፕሰም ለመሟሟት አሲድ አይጠብቅም፤ ንጹሕ ውሃ በሊትር ከ2 ግራም በላይ ይወስደዋል። ይህም ከኖራ ድንጋይ ጋር ሲተያይ ከመቶ ሃምሳ እጥፍ በላይ ነው። ደግሞም ቢፈላ ቢንተከተክ እንደ ኖራው ተለይቶ አይወጣም። በርተን የተቆረቆረችው ጂፕሰም ባለበት በትሬንት ወንዝ ሸለቆ ላይ በመሆኑ የጉድጓዶቿ ውሃ በሊትር 725 ሚሊ ግራም ሰልፌት፣ 295 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ 45 ሚሊ ግራም ማግኒዚየም እንዲሁም 300 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔት ይይዛል። ሶዲየሙና ክሎራይዱ ሲታከልበት ድምሩ 1 ሺህ 445 ሚሊ ግራም፣ ማለትም በሊትር አንድ ግራም ተኩል ያህል ይሆናል። የፒልዘን ድምር 36 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። (የየከተማው ቁጥር ጠማቂዎች በተለምዶ የሚሠሩበት ግምት ነው፤ ከጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከወቅት ወቅት ከፍ ዝቅ ይላል።)

የውሃ ጠጣርነት የሚባለው የካልሲየሙና የማግኒዚየሙ ድምር ሲሆን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ልክ ተሰልቶ ይነገራል። በሊትር እስከ 60 ሚሊ ግራም ያለው ውሃ ለስላሳ፣ ከ180 በላይ ያለው ደግሞ በጣም ጠጣር ይባላል። በዚህ ስሌት ፒልዘን 26፣ በርተን 922 ናቸው። በርተን “በጣም ጠጣር” የሚለውን ደረጃ አምስት ጊዜ አልፋዋለች።

ከሻይ ማንቆርቆሪያ እስከ 3 ሚሊዮን በርሜል

እንደሚተረከው ከሆነ የበርተን ታላቅነት የጀመረው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። በ1822 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሳሙኤል ኦልሶፕ የተባለው የበርተን ጠማቂ የሩሲያ ገበያው በቀረጥ ተዘጋበት። ወደ ሕንድ የሚላከውን የለንደን ፈዛዛ ቢራ ናሙና አመጣና፣ ይህን መሥራት ይቻል እንደሆነ የብቅል ባለሙያውን ጠየቀው። ባለሙያው ሙከራውን ያደረገው በሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር። የወጣው ቢራ ከለንደኑ ይልቅ የጠራና የሆፕ ምሬቱ የነጠረ ሆነ። ሆፕ በቢራ ጠመቃ ውስጥ ጌሾ በጠላ ውስጥ ያለውን ቦታ የያዘ ተክል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ያስደነግጣል። በ1777 የተመሠረተው ባስ የተባለው የበርተን ጠመቃ በ1877 በዓመት 1 ሚሊዮን በርሜል እያወጣ የዓለም ትልቁ የቢራ ፋብሪካ ሆነ። ቀይ ሦስት ማዕዘን ምልክቱ ጥር 1 ቀን 1876 የብሪታንያ የመጀመሪያው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1882 ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማኔ በፓሪስ የመጠጥ ቤት ሥዕሉ ላይ ጠርሙሱን ከነምልክቱ ሣለው። ለንደን ውስጥ በ1868 ሴንት ፓንክራስ የባቡር ጣቢያ ሲሠራ ምድር ቤቱ የበርተን ቢራ ማከማቻ እንዲሆን ታስቦ ነበርና፣ መሐንዲሱ ባርሎው የብረት ምሰሶዎቹን ርቀት የወሰነው በቢራ በርሜል ልክ ነው። በ1888 በከተማዋ 31 ጠመቃዎች ነበሩ፤ የዓመት ምርታቸውም 3 ሚሊዮን በርሜል ደርሶ ነበር።

የእንግሊዝ የቢራ በርሜል 164 ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ 3 ሚሊዮኑ በርሜል 491 ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። የከተማዋ ነዋሪ በዚያ ዘመን ሃምሳ ሺህ አይሞላም ነበር። ምርቱ ለነዋሪው ይከፈል ቢባል ለእያንዳንዱ፣ የታቀፈ ሕፃንም ሳይቀር፣ በዓመት ወደ 10 ሺህ ሊትር፣ በቀን 27 ሊትር ይደርሰው ነበር።

ያ ሁሉ ቢራ የተጠመቀበት ውሃ ስንት ድንጋይ ተሸክሞ ነበር? 491 ሚሊዮን ሊትር በ1.445 ግራም ሲባዛ 709 ቶን ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ከ7 ሺህ ኩንታል በላይ ነው፤ ይህም ዕቃ የታጠበበትና በእንፋሎት የወጣው ውሃ ሳይቆጠር ነው። ከፊሉ ከአተላው ጋር ይቀራል፣ የተረፈው ከቢራው ጋር ይጫናል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የፒልዘን ውሃ ይዞት የሚመጣው 177 ኩንታል ብቻ ነው።

የለንደን ጠማቂዎች የበርተኑን ዓይነት ቢራ በለንደን ውሃ ለመሥራት ሞክረው አልሆነላቸውም። ውሃቸው ባይካርቦኔት የበዛበት ሲሆን፣ የሚያምርበትም ፖርተር የተባለው ጥቁር ቢራ ነበር። ስለዚህ እንደ ቻሪንግተንና ትሩማን ያሉ ስመ ጥር የለንደን ጠመቃዎች በርተን ላይ ቅርንጫፍ ከፈቱ። የሄዱት ውሃውን ፍለጋ ነው።

የሚሊዮንኛ ግራም ጉልበት

በሊትር አንድ ግራም ተኩል ድንጋይ ቢራው ላይ ምን ይሠራል? መልሱ ያለው በድፍድፉ ውስጥ ነው። የተፈጨ ብቅል በሙቅ ውሃ ሲበጠበጥ ኢንዛይሞቹ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾ በኋላ የሚበላው ይህን ስኳር ነው። ኢንዛይሞቹ ደኅና የሚሠሩት ድፍድፉ ልኩን የጠበቀ አሲድነት ሲኖረው ነው፤ ፒኤች በሚባለው ልኬት ከ5.2 እስከ 5.6 ባለው ክልል ውስጥ።

ይህን ልኬት ዓለም ያገኘው ከቢራ ቤት ነው። በ1909 ፒኤችን ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። ዛሬ ሐኪም ደም የሚለካበት፣ የግብርና ባለሙያም አፈር የሚመረምርበት ቁጥር የተወለደው እዚያ ነው።

ፒኤች 5.4 ላይ ባለ አንድ ሊትር ድፍድፍ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚንሳፈፈው ሃይድሮጂን ክብደቱ የግራም 4 ሚሊዮንኛ ነው። ልኬቱ ወደ 5.7 ከፍ ሲል ወደ 2 ሚሊዮንኛ ይወርዳል። ፒኤች በአሥር እጥፍ የሚራመድ ልኬት ስለሆነ 0.3 የምትባል ትንሽ ቁጥር እጥፍ ልዩነት ታመጣለች። ያ የግራም 2 ሚሊዮንኛ ሲጎድል ኢንዛይሞቹ ይለግማሉ፣ ከብቅሉ ገለባ የሚያንቀው ታኒን እየታጠበ ይወጣል፤ ቢራውም ደብዛዛና ምላስ የሚይዝ ይሆናል።

ድንጋዩ የሚገባው በዚህ ላይ ነው። ካልሲየም ከብቅሉ ፎስፌት ጋር ሲጣበቅ ሃይድሮጂን ነጻ ይወጣና ድፍድፉ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። ባይካርቦኔት በተቃራኒው ያገኘውን ሃይድሮጂን ይበላል፤ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ጉድጓድ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ውሃው ጠጣር መሆኑ ብቻውን የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው፤ ማን አሸነፈ የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ጥያቄውን በቁጥር የመለሰው ፓውል ኮልባህ የተባለው ጀርመናዊ የጠመቃ ኬሚስት ነው። በ1953 ባወጣው ሥራ የአንድ እጅ ባይካርቦኔትን ሥራ ለማክሸፍ ሦስት ተኩል እጅ ካልሲየም ወይም ሰባት እጅ ማግኒዚየም እንደሚያስፈልግ አሳየ። ከባይካርቦኔቱ ላይ ካልሲየሙን በ3.5፣ ማግኒዚየሙን በ7 አካፍሎ መቀነስ ነው፤ የሚተርፈው ቁጥር የውሃው ቀሪ አልካሊነት ይባላል። ድፍድፉን የሚገዛው ይህ ቀሪ ነው።

አራት ከተሞች

አሁን በርተንንና ፒልዘንን፣ ከእነሱም ጋር የጥቁር ቢራ ከተሞች የነበሩትን ሙኒክንና ደብሊንን በቁጥር እናሰልፋቸው።

በመጀመሪያ በጠጣርነት። ፒልዘን 26፣ ሙኒክ 262፣ ደብሊን 311፣ በርተን 922። ከቢራዎቻቸው ቀለም ጋር ሲተያይ ሰልፉ ወርቃማ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ፈዛዛ ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል ምንም አይነግረንም፤ እጅግ ለስላሳው ውሃና እጅግ ጠጣሩ ውሃ ሁለቱም ጥቁር ያልሆነ ቢራ ሰጥተዋል።

ቀጥሎ በኮልባህ ቀሪ። የበርተን ባይካርቦኔት በካልሲየም ካርቦኔት ልክ ሲሰላ 246 ነው። ካልሲየሟ ከዚህ ላይ 211፣ ማግኒዚየሟ 26 ይቀንሳሉ። የሚቀረው 9 ነው። የፒልዘን ባይካርቦኔት ገና ከመነሻው 12 ብቻ ነው፤ ካልሲየሟና ማግኒዚየሟ ተባብረው 6 ይቀንሱለትና 6 ይቀራል። ሙኒክ ከ242 ላይ 65 ብቻ ስለሚነሣላት 177 ይቀራታል። ደብሊንም ከ262 ላይ 87 ተነሥቶ 175 ይቀራታል።

ስድስትና ዘጠኝ። መቶ ሰባ አምስትና መቶ ሰባ ሰባት። በጠጣርነት 35 እጥፍ የሚራራቁት ፒልዘንና በርተን በቀሪው ሲመዘኑ ልዩነታቸው 3 ሚሊ ግራም ነው። አንደኛዋ ባይካርቦኔት ስላልነበራት፣ ሌላዋ ግን ብዙ ኖሯት ካልሲየሟ ሙልጭ አድርጎ ስላከሸፈው፣ ሁለቱም ዜሮ አጠገብ ደረሱ። ፈዛዛ ብቅል ከራሱ ብዙ አሲድ የለውም፤ ስለዚህ ከውሃው ጋር መታገል የማያስፈልገው እነዚህ ሁለቱ ቦታ ላይ ነው።

ሙኒክና ደብሊንም እርስ በርሳቸው 2 ሚሊ ግራም ብቻ ይለያያሉ። በኮልባህ ስሌት 178 ሚሊ ግራም ቀሪ የብቅል ጭማቂውን ፒኤች በ0.3 ከፍ ያደርገዋል፤ ነጻውን ሃይድሮጂን በግማሽ የሚያጎድለው ያ ቁጥር ነው። የሁለቱ ከተሞች ጠማቂዎች የተረፋቸውን ባይካርቦኔት የሚውጥ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፤ የጠቆረና የተቆላ ብቅል ደግሞ በባሕርዩ አሲድ አለው። በአንድ በኩል ዱንክል የተባለው የሙኒክ ቡናማ ቢራ፣ በሌላ በኩል ስታውት የተባለው የደብሊን ጥቁር ቢራ የጸኑት ስለዚህ ነው። ጠማቂዎቹ ስለ አዮን የሰሙት ነገር አልነበረም፤ በየትውልዱ የተበላሸውን እየደፉ፣ የሰመረውን እየደገሙ ውሃቸው ወደሚፈልገው ብቅል ደረሱ። ሙኒክ ሽፓተን በተባለው ጠመቃዋ በኩል ሄለስ የተባለውን ወርቃማ ቢራ ያወጣችው በ1894 ነው፤ ከፒልዘን 52 ዓመት ዘግይታ።

መደፋት ሲነሣ የፒልዘንም ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በ1838 የከተማዋ ሰዎች በቢራቸው ጥራት ተማረው 36 በርሜል አደባባይ ላይ ደፉ። ከዚያም የጋራ ጠመቃ አቋቁመው ዮሴፍ ግሮል የተባለ የባቫሪያ ጠማቂ ቀጠሩ። ግሮል ጥቅምት 5 ቀን 1842 በፈዛዛ ብቅል፣ በቼክ ሆፕና በባዶው ውሃ ጠመቀ። ፒልስነር የተወለደው ያኔ ነው። ዛሬ ዓለም በዓመት ከሚጠጣው ከ180 ቢሊዮን ሊትር በላይ ቢራ አብዛኛው የዚያ ዝርያ የሆነው፣ ላገር የተባለው ፈዛዛ ቢራ ነው።

ታዲያ በቀሪው እኩል ከሆኑ የበርተንና የፒልዘን ቢራ ጣዕማቸው ለምን ተራራቀ? እርሾአቸውም ብቅላቸውም የተለያየ ነው፤ ከውሃው በኩል ግን ትልቁ ምክንያት ሰልፌት ነው። በርተን በሊትር 725 ሚሊ ግራም፣ ፒልዘን 5 ሚሊ ግራም፤ 145 እጥፍ። ሰልፌት የሆፕን ምሬት ያደርቀዋል፣ ስለት ያወጣለታል። ሰልፌት በሌለበት ምሬቱ ይለዝብና የብቅሉ ጣፋጭነት ይቀድማል። ፒልስነር ብዙ ሆፕ እየገባበትም ለምላስ የሚለሰልሰው በዚህ ነው።

ድንጋዩ ሲመዘን

የበርተን ምስጢር በሚዛን ላይ የወጣው በ1878 ነው። ቪንሰንት የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት የከተማዋ ውሃ ጉልበት ጂፕሰሙ መሆኑን ገለጸ፤ በሌላ ውሃ ላይ ጂፕሰም የመጨመሩ ዘዴም በከተማዋ ስም ተጠራ። ስንት ይበቃል? በአንድ ሊትር የፒልዘን ውሃ ላይ 1.3 ግራም ጂፕሰም ብንጨምር ሰልፌቱ ከ5 ወደ 730 ገደማ፣ ካልሲየሙም ከ7 ወደ 310 ገደማ ይወጣል። ለአንድ ሙሉ የእንግሊዝ በርሜል የሚያስፈልገው ከ210 ግራም ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የለንደን ጠማቂዎችን ወደ በርተን የሳበው፣ 31 ጠመቃ ያቆመው ነገር ተመዝኖ ሲታይ ሩብ ኪሎ እንኳ አልሞላም። ይህ ከታወቀ በኋላ ለውሃው ሲል በርተን የሚሄድበት ምክንያት ለማንም አልቀረም።

የፒልዘን ነገር ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። መጨመር በማንኪያ ይሆናል፤ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ባይካርቦኔቱን በማፍላት ወይም ኖራ ጨምሮ በማስቀረት መቀነስ ይቻላል፤ ሰልፌቱና ሶዲየሙ ግን በዚህ ንቅንቅ አይሉም። ስለዚህ የዘመኑ ጠመቃ ከየትም የመጣ ውሃ ይዞ ፒልስነር መሥራት ሲፈልግ፣ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት ስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። ከገባው አራት ሊትር ሦስቱ ባዶ ሆኖ ያልፋል፤ የቀረው አንድ ሊትር የሁሉንም ጨው ተሸክሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በ1888 በርተን ለቢራዋ ያዋለችውን ያህል ባዶ ውሃ፣ ማለትም 491 ሚሊዮን ሊትር፣ በዚህ መንገድ ለማግኘት 655 ሚሊዮን ሊትር መግፋትና 164 ሚሊዮን ሊትር መድፋት ያስፈልጋል። ያ የሚደፋው ብቻ አንድ ሚሊዮን የእንግሊዝ በርሜል ነው፤ ባስ የዓለም ትልቁ ጠመቃ በተባለበት ዓመት ያወጣውን ምርት ያህል። በሰው እጅ ሲሠራ ይህን የሚያስከፍለውን ባዶ ውሃ ግሮል ከፒልዘን ጉድጓድ በነጻ ነበር የሚቀዳው።